ደጋ ላይ ስንት ኦክታን? ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት ለሚነዳ ሰው

አጎቴ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። ቡናው ገና ሳይፈላ ከኮታቸው ኪስ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ላይዋ ላይ የእሳት ነበልባል ተሥሎባታል። “ይቺን ቤንዚኑ ውስጥ ጨምራት። ይሄ ብርድ አገር መኪናህን ጉልበት አሳጥቶታል” አሉኝ። የኦክታን ማሳደጊያ ናት። ሲመጡ የእሳቸው ዲኤክስ ዳገት ላይ አልጎትት ብሏቸው ኖሮ፣ ሁለት ገዝተው አንዷን ለእኔ አስቀርተውልኛል።

“ጋሼ፣ ደጋ ላይ እኮ ሞተር የሚፈልገው ኦክታን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም” አልኳቸው። ሳቁብኝ። “ታዲያ ለምን ይደክማል?”

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ብዙ ሰው ቤንዚን ሲመርጥ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መኪናው ሲደክም ጥፋቱን ቤንዚኑ ላይ ይጥላል። ከዚያ ወይ ጠርሙስ ይገዛል፣ ወይ “ሱፐር (ኦክታኑ ከፍ ያለ ቤንዚን) የት ይገኛል?” እያለ ይጠይቃል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ብቻ የምትሽከረከር ተራ የቤት መኪና ከፍ ያለ ኦክታን አትፈልግም። ችግሩ እኛ ሰሜን ሸዋ የምንኖር ሰዎች ከተማ ውስጥ ብቻ አንሽከረከርም። ዛሬ መሐል ሜዳ፣ ነገ ሸዋ ሮቢት ነን። ስለዚህ ቤንዚን ስትመርጡ መኪናዋ የምታድርበትን ከፍታ ሳይሆን የምትወርድበትን ዝቅታ አስቡ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ገንዘብ ያድናል።

ቁጥሩ የትዕግሥት እንጂ የጉልበት አይደለም

ኦክታን ቤንዚኑ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አይናገርም። 95 ከ91 የበለጠ ኃይል አልታጨቀበትም። ቁጥሩ የሚለካው ቤንዚኑ ሲጨመቅና ሲሞቅ ምን ያህል ሳይፈነዳ እንደሚታገሥ ነው።

ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ይገባሉ። ፒስተን ይጨምቃቸዋል። ሲጨመቁ ይሞቃሉ። ካንዴላው እሳት እስኪሰጥ፣ እሳቱም ተራ በተራ እስኪደርሳቸው መጠበቅ አለባቸው። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን አይጠብቅም። እሳቱ ሳይደርስበት ጥግ ላይ ያለው በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ያኔ ከኮፈኑ ሥር ጣሳ ውስጥ ሳንቲም ከትታችሁ የምታንቀጫቅሉት የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። መካኒኮች “ሞተሩ ያንኳኳል” ይላሉ። አንዳንዱ “ኖክ ያደርጋል” ይላችኋል። አንዴ ሁለቴ ቢያንኳኳ ምንም አይሆንም። ሳምንት ሙሉ ዳገት ላይ እያንኳኳ ቢነዳ ግን ፒስተን ይበላል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮንም (የሞተሩን ራስ ማሸጊያ) ያቃጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። ጃፓንና አውሮፓ የሚጽፉት ‘ሮን’ የሚባለውን መለኪያ ነው። አሜሪካኖች የሁለት መለኪያዎችን አማካይ ይጽፋሉ፤ እሱ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይወጣል። የአሜሪካ 87 በሮን ሲቆጠር 91 አካባቢ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ አሜሪካዊ “እኔ 87 ነው የምሞላው” ሲል ሰምቶ የእሱ መኪና 91 ስለምትል የተጨነቀ ጓደኛ አለኝ። ሁለቱም አንድ ቤንዚን ነው የሚያወሩት።

ደጋው የወሰደው አየር ነው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። አዲስ አበባ 75 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወደ 68 ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን ወደ 86 ይመለሳል። እነዚህን አራት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

መንዝ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ነገር ከምድጃ ያውቀዋል። ባቄላው ከጠዋት ጀምሮ ተጥዶ አልበስልም የሚለው ውኃው 90 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላ ይዘገያል። ያው ግፊት ነው መኪናችሁንም የሚያደክመው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ነው። አየሩ ከሳሳ የሚስበውም ይሳሳል። ቤንዚኑም የሚቃጠለው በገባው አየር ልክ ነው። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ይቀንሳል። የእኔ ቪትዝ ባለ 1.3 ሞተር ናት። በወረቀት ላይ 87 የፈረስ ጉልበት አላት። ደብረ ብርሃን ስትደርስ 62 አካባቢ ይቀራታል ማለት ነው። የጠፉትን 25 ፈረሶች የትኛውም ማደያ ሄዳችሁ አትሞሏቸውም። 98 ብትቀዱም አይመለሱም።

አሁን ወደ ኦክታን ስንመለስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የገባው አየር ካነሰ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ግፊት ያንሳል። ቤንዚኑ የሚፈተንበት ፈተና ቀለለ። ስለዚህ ትዕግሥቱ አነስ ያለ ቤንዚንም ሳያንኳኳ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ በተራራማዎቹ ግዛቶች፣ ዴንቨርን በመሰሉ ከተሞች፣ ተራው ቤንዚን በእነሱ ቁጥር 85 ሆኖ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ጋ ተራው 87 ነው።

“እንግዲያው የፈለግሁትን ብሞላስ?” እንዳትሉ። 85 የመሸጡ ልማድ የመጣው ከካርቡሬተር (ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒውተር ከሚቀላቅለው ዕቃ) ዘመን ነው። የድሮ ሞተር በየ300 ሜትሩ የሚፈልገው ኦክታን በ1 ወይም ትንሽ በለጥ ባለ ይቀንስ ነበር። የዛሬው ሞተር ግን በኮምፒውተር ራሱን እያስተካከለ አየሩ የፈቀደለትን ሁሉ ስለሚጠቀም፣ ቅናሹ ከግማሽም በታች ነው። ብዙ አምራቾች ተራራ ላይም ቢሆን ከተጻፈው ቁጥር አትውረዱ ይላሉ። ደጋው የሚሰጣችሁ ትንሽ የመተንፈሻ ቦታ ነው። የምትመነዝሩት ቅናሽ አታድርጉት።

መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ

ማደያ ከመምረጥ በፊት የቤንዚን ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን አንብቡ። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ 95 የሚል ታገኛላችሁ። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ቁጥሩ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ይጻፋል። እዚያ አገር ማደያው ላይ 91፣ 95፣ 98 ተደርድሮ ስለሚሸጥ ሰዉ መምረጥ ለምዷል።

ያገለገለ የጃፓን መኪና ከሆነ ግን አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ናት ያለችው፤ ጽሑፏም ጃፓንኛ ነው። የእኔን ስልኬን ደግኜ በመተርጎሚያው አነበብኳት። “እርሳስ የሌለበት፣ ሬጉላር” ትላለች። ከሁለት ቃላት አንዱን ነው የምትፈልጉት። ‘ሬጉላር’ ካለ በጃፓን ደረጃ ቢያንስ 89 ሮን የሆነ ቤንዚን ይበቃዋል። ‘ፕሪሚየም’ ወይም ‘ሀይ ኦክ’ ካለ 96 እና ከዚያ በላይ ተብሎ የተሠራ ሞተር ነው። ወረቀቷ ተልጣ ከሆነ መመሪያ መጽሐፉን፣ እሱም ከሌለ የሞተሩን ኮድ ይዛችሁ ፈልጉ።

መካኒኮች አንዳንዴ “ኮምፕረሽኑ (ፒስተኑ የሚጨምቅበት መጠን) ከፍ ያለ ነው፣ ሱፐር ይፈልጋል” ይላሉ። ድሮ እውነት ነበር። አሁን ግን የእኔ ቪትዝ ኮምፕረሽን 10.5 ሆኖ ተለጣፊዋ ሬጉላር ትላለች። ከመካኒኩ ግምት የፋብሪካው ወረቀት ይሻላል።

በእጃችን ያለው ምርጫ

እውነቱን እንነጋገር። በዚህ መንገድ ላይ ባሉት ማደያዎች እኔ የማነበው “ቤንዚን” እና “ናፍጣ” የሚል ነው። ቁጥር ተደርድሮ አላየሁም። ዋጋውንም የሚወስነው መንግሥት ስለሆነ “ውድ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ነው” ማለትም አይሠራም። ታዲያ የምናወዳድረው ምኑን ነው? ተራውን የማደያ ቤንዚን፣ በጠርሙስ የሚጨመረውን ማሳደጊያ፣ እና ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር የሚቆመውን ጀሪካን።

ተለጣፊያችሁ ሬጉላር ወይም 91 ካለ፣ ከማደያ የተቀዳ ንጹሕ ቤንዚን ሙሉና ሂዱ። ከዚህ በላይ የምትከፍሉት ብር ሁሉ ትርፍ ነው። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር፣ አብዛኛው ሰው የሚነዳው እዚህ ውስጥ ይገባል። ባጃጅም እንዲሁ።

ስለ ማሳደጊያው ጠርሙስ ያለኝ ሐሳብ ከአጎቴ ይለያል። ጠርሙሱ ላይ “30 ነጥብ ይጨምራል” ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሰዉ 91ዱ 121 የሚሆን ይመስለዋል። በዚህ ንግድ ግን አንድ ነጥብ የአንድ ኦክታን አንድ አሥረኛ ነው። 30 ነጥብ ማለት 3 ኦክታን ነው፤ ያውም ማስታወቂያው እውነት ከሆነ። 95 ለምትፈልግ መኪና 3 ኦክታን ዋጋ ይኖረዋል። 91 ለምትል መኪና ደብረ ብርሃን ላይ ምኑም አይደለም። ያልታመመ ሰው መድኃኒት እንደመዋጥ ነው። ማንጋኒዝ ያለበቱ ዓይነት ደግሞ ካንዴላው ጫፍ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ብናኝ ይጥላል። ሁልጊዜ የሚጠቀም ሰው ካንዴላውን አስፈትቶ ይይ።

ጀሪካኑን በተመለከተ ከራሴ የደረሰ ላውራ። ቤንዚን የጠፋበት አንድ ሰሞን ነው። ሸዋ ሮቢት አንድ ለቅሶ ነበረብኝ። ስመለስ ማደያው “የለም” አለ። መንገድ ዳር ከቆመ ልጅ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ገዛሁ። ሲቀዳልኝ የሆነ የፋኖስ ሽታ ሸተተኝ። “ፕላስቲኩ ነው” አለኝ። አመንኩት፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? ኋላ ወንበር ላይ እናቴና ሁለት አክስቶቼ፣ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት አለ። ደብረ ሲና ሳልደርስ ገና ዳገቱን ስጀምር ሳንቲሙ ጣሳው ውስጥ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ነዳጅ ስረግጥ ይብሳል፣ ስለቅ ዝም ይላል። እናቴ “ምንድን ነው እሱ?” ስትለኝ “ሽንኩርቱ ነው” አልኳት።

ሽንኩርቱ አልነበረም። ነጭ ጋዝ ነው። የነጭ ጋዝ ኦክታን በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሹም የቤንዚኑን ቁጥር ይዞት ይወርዳል። የደጋው መተንፈሻ ያንን አይሸፍንም። አንድ የባጃጅ ልጅ “ደጋ ላይ ኦክታን ካነሰ ችግር የለውም አላልክም? ትንሽ ነጭ ጋዝ ቢገባበት ምን አለበት?” ብሎኛል። ብልጥ ጥያቄ ነው። ግን ነጭ ጋዝ ኦክታኑን ከማውረድ አልፎ በደንብ ስለማይተን ሳይቃጠል ይቀራል። የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ታች ወርዶም የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል።

መንገድ ዳር መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። አሽትቱ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ሲጋራም እሳትም ራቅ ይበል። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ካለበት የቅባት ቀለበት ይቀራል። እኔ ያን ቀን ወረቀት ነበረኝ፤ የእድሩ ደረሰኝ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላሰብኩትም።

ጣርማ በር ሁለት አገር ያደርገናል

የዴንቨር ሰው ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ይነዳል፤ ከፍታው ብዙም አይለዋወጥበትም። እኛ ግን ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል አቋርጠን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከዋሻው አፍ 1,800 ሜትር በላይ ወርደናል። ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው በሸሚዝ ይወርዳል። (ዋሻውን የበሳው ጣሊያን ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሚኒሞ፣ ቴስታታ የምንላቸውን የጋራዥ ቃላትም የሰጠን እሱው ነው።)

ሲወርድ ችግር የለም። ሞተሩ አይሠራም ማለት ይቻላል፤ በማርሽ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ፈተናው ሲመለሱ ነው። ቁጥሮቹን አስታውሱ። ሸዋ ሮቢት አየሩ 86 በመቶ ነው፤ ሞተሩ እዚያ ከደብረ ብርሃን የበለጠ አየር ይስባል። ሙቀቱ አለ። መኪናው ተጭኗል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከፊት ደግሞ የጭነት መኪና ያዘግማል። ዝቅ ያለ ፍጥነት፣ የተረገጠ ነዳጅ፣ የሞቀ ሞተር፤ ማንኳኳት የሚወደው ይሄንን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወር ሙሉ ድምፅ ያላሰማ ደካማ ቤንዚን አርማንያ አካባቢ ዳገቱ ላይ ይጋለጣል። ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣም ያው ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ለሚወርድም እንደዚሁ።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ይለያያል። ተለጣፊው 95 የሚል ቱርቦ የሌለው መኪና ካላችሁና ከደብረ ብርሃን ከተማ፣ ቢበዛ ከጫጫና ከሸኖ የማትርቁ ከሆነ፣ አምራቹ ከተጻፈው አትውረዱ ቢልም ተራው የማደያ ቤንዚን ይዞላችሁ ሊሄድ ይችላል። ከፍታው ያግዛችኋል። ያው መኪና በየሳምንቱ ሸዋ ሮቢት ወይም ኮምቦልቻ የሚመላለስ ከሆነ ግን ከፍታውን ከሒሳቡ አውጡት። ቱርቦ ለሌለው መኪና ጥሩ ማሳደጊያ ብሩን የሚያወጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ለመልሱ ጉዞ ሲሆን።

ከጠርሙሱ በፊት ግን እግራችሁ አለ። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ ከምታስገድዱት አንድ ማርሽ አውርዱለት። ሞተሩ ድምፁ ከፍ ይላል እንጂ ሸክሙ ይቀልለታል። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ ትታችሁ አትርገጡት፤ ዝቅ ያለውን ማርሽ ምረጡለት። ይሄ ነጻ ነው፣ ከብዙ ጠርሙሶችም ይበልጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዳዲሶቹ ሞተሮች ማንኳኳቱን የሚሰማ ሴንሰር አላቸው። እናንተ ከመስማታችሁ በፊት ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል። ጩኸቱ ይጠፋል፣ በምትኩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይበላል። ስለዚህ “አላንኳኳብኝም” ማለት “ተስማማው” ማለት ላይሆን ይችላል። ከሸዋ ሮቢት ስትመለሱ ፍጆታው ድንገት ከጨመረና ዳገቱ ከወትሮው ከከበዳችሁ ቤንዚኑን ጠርጥሩ።

ካርቡሬተር ላለው

አሁን የአጎቴን ዲኤክስ እንይ። በማግሥቱ ሰፈር ያለ መካኒክ ጋ ወሰድነው። መካኒኩ ስለ ኦክታን አንድ ቃል አልጠየቀም። አንዱን ካንዴላ ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ጫፉ ድስት ሥር እንዳለ ጥላሸት ጠቁሯል። በጣቱ ጠረገና ለአጎቴ አሳያቸው። “ጋሼ፣ ቤንዚን በዝቶበታል፣ አየር አንሶታል” አላቸው። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን አወጣ። ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ሲያንኳኳው የወጣው አቧራ ሦስታችንንም አስነጠሰን።

ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ደጋ ላይ አየሩ በሳሳበት ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም። ድብልቁ ይወፍራል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ መኪናው ይደክማል። መድኃኒቱ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል፣ የቤንዚን ማፍሰሻ ቀዳዳውን በጠበበ መለወጥ፣ ማጣሪያውን ማጽዳት ነው። ካንዴላው ነጣ ያለ ቡናማ ሲሆን ልኩ ነው። ከፍ ያለ ኦክታን ለዚህ መኪና ምንም አይሠራም።

መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ትንሽ አዙሮ እሳቱንም አስቀደመው። ደጋ ላይ ይሄ ይጠቅማል፤ ቀጭን አየር ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ቀደም ብሎ ቢቀጣጠል ጉልበት ያገኛል። ግን እንዲህ የተስተካከለ መኪና ቆላ ሲወርድ ያንኳኳል። መካኒኩ ራሱ “ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ከሆነ ይመለሱልኝ፣ እመልሰዋለሁ” አላቸው። ይሄን የሚናገር መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ለካርቡሬተር መኪና ሌላም ጣጣ አለ። ከቆላ ሞቆ የመጣ ሞተር ጣርማ በር አካባቢ ሲቆም አልነሣም ሊል ይችላል። ግፊቱ ዝቅ ስላለ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና ፓምፑ በቤንዚን ፈንታ እንፋሎት ይስባል። የድሮ ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጠቅልለው ሲጋራ እስኪጨርሱ ይጠብቁ ነበር። ይሄም ከኦክታን ጋር አይገናኝም። የኅዳር ውርጭ ጠዋት አልነሣ ማለትም አይገናኝም፤ እሱን ባትሪው ላይና ካንዴላው ላይ ፈልጉት።

ቱርቦ ያለው መኪና ይለያል

እስካሁን ያልኩት “ደጋ ላይ ኦክታን ይቀንሳል” የሚለው ነገር ቱርቦ ላይ አይሠራም። ቱርቦ የሳሳውን አየር ራሱ ጨምቆ ያስገባል። ደብረ ብርሃን ላይም ቢሆን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ግፊት ቆላ ካለው ብዙም አያንስም። ያን ለማድረግ ደግሞ ቱርቦው የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩም የበለጠ ይሞቃል። የአውሮፓ ቱርቦዎች አብዛኞቹ ክዳናቸው ላይ 95 የሚል አላቸው። የቻይናዎቹ 92 ወይም 95 ይላሉ። የተጻፈውን በቁም ነገር ውሰዱት፤ ከፍታው ምንም አይቀንስላችሁም።

ተራ ቤንዚን ብቻ ባለበት መንገድ ቱርቦ የምትነዱ ከሆነ፣ ማሳደጊያ ገዝቶ መያዝ ለእናንተ ምክንያት አለው። ሌላው በዝቅተኛ የሞተር ዙር ሙሉ ነዳጅ አለመርገጥ ነው። በተለይ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ትናንሾቹ ቱርቦዎች እንዲህ ሲነዱ ድንገት ፒስተን ሊሰብሩ ይችላሉ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለቆመ፣ የያዝነውን ሞተር ረጅም ዓመት ልናኖረው ነው። መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተቱን አስቡት።

ናፍጣ የሚነዱ ሰዎች እስካሁን ካነበባችሁ ይቅርታ፣ ኦክታን የእናንተ አይደለም። የእናንተው ቁጥር ሲቴን ይባላል።

ተሳስታችሁ ከሞላችሁ

ቁጥሩ ያነሰ ግን ንጹሕ ቤንዚን ከሆነ ከታንኩ ማስወጣት አያስፈልግም። እግራችሁን አቅልሉ፣ ማርሽ አውርዱ፣ ጭነት ካለ ዳገቱን በሙቀት ሰዓት አትጀምሩት። ታንኩ ግማሽ ሲሆን ከምታምኑት ማደያ ጨምሩበት፤ ተቀላቅሎ ይሻላል።

የቅባት ቀለበት ያየ ሰው ግን አይቀላቅለው። እኔ ያን ቀን ደብረ ሲና ገብቼ ቆምኩ። እዚያ ያሉ ልጆች በቱቦ ስበው ጀሪካን ውስጥ አወጡት። አንዲት ሴትዮ ለምድጃ ማቀጣጠያ እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ቤንዚን ያለበት ነገር ቤት ይዘው እንዳይገቡ ብዬ ከለከልኳት። ከማደያው ሦስት ሊትር ሞላሁ፣ ቱቦው እስኪጠራ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) አሥር ደቂቃ አሠራሁት፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ጣርማ በርን ወጣሁ። ሳንቲሙ ዝም አለ። በሳምንቱ የሞተር ዘይቱን አስቀየርኩ።